ከባሕሩ ዳር ፍርስራሽ የቀዳሁት ውሃ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ባለቤቴ ጥቁሯ ላም የወለደች ዓመት ነው ትላለች፤ እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ጣራ በአዲስ ቆርቆሮ የተለወጠበት ይመስለኛል። በዚህ ነገር ብዙ ተከራክረናል፤ አንዳችንም አልተረታንም። ፋሲካ አልፎ ክረምቱ ሳይገባ እንደነበረ ግን እርግጠኛ ነኝ፤ የልጄ ባል መኪናውን ይዞ ወደ ጅቡቲ የወረደው ማዳበሪያ ሊጭን ነበርና። ማዳበሪያ የሚመጣው በዚያ ሰሞን ነው።

እኔ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር የምኖር ገበሬ ነኝ። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ጀምሬአለሁ፤ ከዚያ አላለፍኩም። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ አንባቢ ይታገሰኝ።

የባለቤቴ ጉልበት ከታመመ ቆይቶ ነበር። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን። ገብስ ስታጭድ ጎንበስ ብላ ትቆይና ቀና ማለት ያቅታት ጀመር። ቀስ በቀስ ጉልበቷ እንደ ቅል አበጠና መታጠፍ እምቢ አለ። ከጤና ጣቢያ የሚሰጧት ክኒን እስካለ ድረስ ያስታግስላታል፤ ሲያልቅ ያው ነው። እውነቱን ለመናገር የሚያሽላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የወንዛዬ ፍል ውሃ። በየዓመቱ አዝመራ ካስገባን በኋላ ሐሙሲት ወርደን፣ ከዚያ ወንዛዬ ገብተን ሰንብተን እንመለስ ነበር። ከውሃው ስትወጣ ሴትዮዋ ሌላ ናት። በትሯን ረስታ ወደፊት ትሄዳለች፤ በትሯን ይዤ ከኋላ የምከተለው እኔ ነኝ።

ኋላ ግን ጉልበቷ ጭራሽ አልታጠፍ አለና ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ አቃታት። አንድ ጊዜ ሞክረን ነበር። ረዳቱ፣ «እማማ፣ እግርዎን ትንሽ ሰብሰብ ያድርጉ፤ ሰው ልጨምር» ሲላት፣

«መሰብሰብ ብችል ኖሮ ምን ልሠራ ወንዛዬ እሄዳለሁ?» አለችው።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኛ ግን ዓለም በር እንኳ ሳንደርስ ሕመሙ ጠንቶባት ወርደን ተመለስን። ከዚያ ወዲያ ቤት ዋለች። ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ እግሯን ዘርግታ ፀሐይ እየሞቀች፣ «ሰው ወደ ውሃው መሄድ ካቃተው፣ ውሃው ወደ ሰው አይመጣም?» ትለኛለች። እየቀለደች ነው። እኔ ግን ቀልዱን ይዤው ዞርኩ። አንድ ቀን ወንዛዬ ድረስ ሄጄ በጀሪካን ቀድቼ አመጣሁላት። ቤት እስክደርስ በርዶ ጠበቀኝ። እሳት ላይ ጥጄ ባሞቀውም ያው የጓዳ ውሃ ሆነ። እግሯን ነክራ ቆይታ፣ «ይኼማ ድስት የገባ ወንዛዬ ነው» አለችኝ።

እንዲህ እያለን ነው የልጄ ባል የመጣው። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጨዋታ ያውቃል።

«አባባ፣ ባሕር ሳያዩ ሊቀሩ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ጣናን አይቻለሁ» አልኩት።

«ጣናማ ማዶ አለው። ይኼ ማዶ የለውም።»

ማዶ የሌለው ውሃ የሚለው ነገር ሆዴ ገባ። ባለቤቴን ትቼ እንዴት እሄዳለሁ ብል ራሷ፣ «ሂድና አይተህ ንገረኝ፤ እዚህ ሆነህ ጉልበቴን ብታፈጥበት አይታጠፍ» አለች። ልጃችን እናቷን ልትጠብቅ መጣች፤ የመሻገሪያውን ወረቀት የልጄ ባል ጨረሰልኝ፤ ሄድን።

የመንገዱን ነገር ብጽፍ አያልቅም። ደጋውን ለቀን ወደ በረሃው በወረድን ቁጥር እኔ ጋቢዬን አልለቅም አልኩ። «አባባ፣ ኧረ ያውልቁት፤ ሊበስሉ እኮ ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ጋቢ ብርድንም ሙቀትንም ይከለክላል ብዬ ተከራከርኩ። መጨረሻ ላይ አውልቄ ተቀመጥኩበት።

ወደቡ ስንደርስ መኪኖቹ ተራ ይጠብቁ ነበር። ከከተማው ወጣ ያለ ሜዳ ላይ ነው የሚቆሙት። ሹፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ካርታ ይጫወታሉ፣ ይተኛሉ። እኔ ካርታ አላውቅም። ከሜዳው ባሻገር ደግሞ በባሕሩ ዳር አንድ ትልቅ ፍርስራሽ ይታያል። ምንድን ነው ብላቸው፣ «የድሮ ፋብሪካ ነው፤ ፈረንጆች ጨው ምናምን ሲያወጡበት የነበረ» ከማለት በቀር የሚያውቅ አልተገኘም።

በማግስቱ በጠዋት፣ እህል ሳልቀምስ፣ ፊቴን ልታጠብበት ብዬ ባዶ ጀሪካንና ጣሳ ይዤ ወደዚያው ሄድኩ።

ባሕሩን ያየሁት በፍርስራሹ መስኮት በኩል ነው። ጣራ የለውም፤ መስኮቶቹ ግን ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ መስኮት ባሕር ተቀምጧል። ማዶ የለውም ያለኝ እውነቱን ነው። ከዚያ ግቢውን መዞር ጀመርኩ። ዝገት የበላው፣ የእኛን ጎተራ የሚያህል የብረት በርሜል ተጋድሟል። ትንሽ ሐዲድ ከግድግዳው ሥር ይነሣና ወደ ባሕሩ ይሄዳል፤ ውሃው ጋ ሲደርስ ሐዲዱ ያልቅና ተሸክመውት የነበሩት ምሰሶዎች ብቻ ተራ በተራ ባሕሩ ውስጥ ይገባሉ። በየምሰሶው ላይ አንድ አንድ ወፍ አለ። መሬቱ ነጭ ነው፤ ጉና ላይ በረዶ ጥሎ ያደረ ይመስላል። በየበሩ ያለው የድንጋይ ደፍ መካከሉ ጎድጉዷል። ያን ሁሉ እግር አሰብኩ። ማን ነበሩ? ምሳቸውን የት ይበሉ ነበር? ሰው የለፋበት ቦታ ባዶ ሲሆን እንኳ ያስታውቃል። ወደድኩት።

ከግድግዳው ጀርባ በሲሚንቶ የተሠሩ ገንዳዎች አሉ። ብዙዎቹ ደርቀው ነጭ ቅርፊት ብቻ ይዘዋል። አንዱ ግን ውሃ አለው። ጥርት ያለ ውሃ፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ደረጃ ያለው፣ ልክ እንደ ጠበል ቤት። ቀና ስል ደግሞ ከበላዩ ከግድግዳው ከወጣ ቧንቧ ላይ የብረት መስቀል ቆሟል። አራቱ ክንዶቹ እኩል የሆኑ፣ ዝገት ያቀላው መስቀል። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ጫማዬንም አወለቅሁና አንድ እግሬን ከትቼ ደረጃውን ወረድኩ። ላዩ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ታች ስወርድ እግሬን አንድ ነገር ያዘው፤ ሙቀት! ያውም የሚያቃጥል የወንዛዬ ሙቀት፣ ከሥር እየመጣ።

እንባዬ መጣ። ሰው ወደ ውሃው መሄድ ሲያቅተው ውሃው ወደ ሰው ይመጣል ያለችው ሴት ቤት ተቀምጣለች፤ እኔ ደግሞ ይኸው ጀሪካን ይዤ በምድር ጫፍ በመስቀል ሥር ቆሜአለሁ። ምን ብዬ ልጠራጠር?

በስመ አብ ብዬ ጣሳውን ዝቅ አድርጌ ከሞቀው ቀዳሁና ጠጣሁ። መራራ ነው፤ ምላስ ያጣጥፋል። መምረሩ አላሳሰበኝም፤ መራራ ጠበል ብዙ አውቃለሁ። በሦስቱ ስም ደገምኩት፣ ሠለስኩት፤ ከዚያም ለእሷ ብዬ ጨመርኩበት። ጀሪካኑን ሞልቼ ከደንኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሆዴ ተንጫጫ። ከግድግዳው ጀርባ ሮጥኩ። አንባቢ ይቅር ይበለኝና ነገሩ የሚወራ አይደለም፤ ግን ካልተናገርኩት ታሪኩ አይገባም። በእኛ አገር ጠበል ጠጥቶ ሆዱ የሚላወስ ሰው አይደነግጥም። ደዌው እየወጣ ነው ይባላል፤ ዘመድም እሰይ ይላል። እኔም በሮጥኩ ቁጥር ደስ አለኝ። እየተመለስኩ ደግሞ ጣሳዬን እደግማለሁ። እኔን እንዲህ ካጠበኝ እሷንማ ምን ያደርጋት ይሆን እያልኩ።

አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዞ ሲመጣ ያየሁት ቁጭ ብዬ መነሣት ባቃተኝ ጊዜ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሽርጥ ያገለደመ ሰው ነው፤ እኩያዬ ይሆናል። የፍርስራሹ ዘበኛ ኖሯል። አማርኛውን ከባቡር ሠራተኛና ከሻይ ሻጭ ሴቶች የለቀመው ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም የሚጠራው «አንቺ» እያለ ነው።

«አንቺ ሽማግሌ» አለኝ፤ «ከዚህ ጠጣሽ?»

በሕይወቴ እናቴ ስታቆላምጠኝ ካልሆነ በቀር አንቺ ያለኝ ሰው አልነበረም። «አዎ፣ ጠጣሁ» አልኩት።

«ትንሽ ጠጣሽ? ብዙ ጠጣሽ?»

ጣሳውን አሳየሁት። እጁን ራሱ ላይ አደረገ። «ዋ! ግመል እንኳ ይኼን አይጠጣም!»

ብብቴ ሥር ገብቶ አነሣኝና ወደ ጎጆው ወሰደኝ፤ በአሮጌ ጣውላና በቆርቆሮ ከግድግዳው አስጠግቶ የሠራት ናት። አጋደመኝ። እግሬን ቁርጥማት ይዞት ነበር፣ ከንፈሬ ደርቋል፣ ጆሮዬ ይጮኻል። ስኳርና ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ በጥብጦ በማንኪያ ያጠጣኝ ጀመር። ስመልሰው ይጠብቅና እንደገና ይጀምራል። አይቸኩልም። ጀሪካኔን ግን ከጎኔ አልለየሁትም፤ አንድ እጄ እላዩ ላይ ነበር።

ነፍስ ስዘራ፣ «ጠበሉን የሚጠብቅ ቄስ የለም?» ብዬ ጠየቅሁት።

ነገሩ ሲገባው ከት ብሎ ሳቀ። በመሳቁ አላፈረም፣ እኔም አልተቀየምኩም። ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። «ባሕር ውሃ እዚህ ያስገባሉ። ፀሐይ ትጠጣዋለች። ጨው ይቀራል። ጨው ይወስዳሉ። ከጨው የተረፈ ውሃ ይኼ ነው፣ መራራ። ፈረንጆቹ ይኼን ደግሞ ያፈሉታል፣ ነጭ ዱቄት ይሆናል፣ መርከብ ይወስደዋል። አባቴ እዚህ ሠራ። መድኃኒት ነው ይለኝ ነበር።»

«መድኃኒት!» ብዬ ተነሥቼ ልቀመጥ ሞከርኩ። «አላልኩም?»

«የሆድ መድኃኒት! ሆዱ ለደረቀ ሰው፣ በማንኪያ። አንቺ በጣሳ ጠጣሽ!»

«ሙቀቱስ?»

«ዝናብ ውሃ ቀላል ነው፣ ላይ ይተኛል። ጨው ውሃ ከባድ ነው፣ ታች ይተኛል። ፀሐይ ገባች፣ ታች ቀረች፣ መውጫ አጣች።»

«መስቀሉስ?» አልኩ። ይኼን ስጠይቅ ድምፄ ቀንሶ ነበር።

እጁን እንደ ቁልፍ አዙሮ አሳየኝ። «መዝጊያ ነው። የቧንቧ መዝጊያ። አባቴ ነው የሚዘጋው።»

ቀጥሎ ዱላውን ወደ ጀሪካኑ ቀስሮ፣ «ይኼንን ድፊው» አለኝ።

«አልደፋም። ለባለቤቴ ነው።»

«ባለቤትሽ ወጣት ናት?»

«እንዳንተ እንደኔ ናት። ጉልበቷን ታማለች።»

«ትጠጣለች?»

መዋሸት አልቻልኩም። ጠበል ነው ብዬ ከሰጠኋት ትጠጣለች። ያውም ስለ ጉልበቷ ብላ፣ ስለ እኔም ልፋት ብላ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ ትጠጣለች። ሆዷን ሲያማት ደግሞ እንደ እኔ እሰይ እያለች ነው የምትጠጣው። ይኼን እያወቅሁ አሁንም እጄ ከጀሪካኑ አልተነሣም። መስቀል አይቼ፣ ጸልዬ፣ በእሷ ስም የቀዳሁትን ውሃ እንዴት ብዬ አሸዋ ላይ አፈሳለሁ? ደግሞስ ይኼን ሁሉ አገር አቋርጬ ምን ይዤላት ልገባ?

ዘበኛው አልተጣላኝም፤ ልቀማም አላለም። ጀሪካኑን ከፈተና ከውስጡ በራሴ ጣሳ ቀዳ። ጣሳውን ፊቴ አስቀመጠው።

«እሺ» አለ። «አንቺ መጀመሪያ ድገሚ። ከዚያ ለእሷ ውሰጂላት።»

ጣሳውን አየሁት። ጥርት ያለ ውሃ ነው፣ ምንም አይመስልም። እጄን ዘረጋሁ፤ እጄ ግን ከመንገድ ተመለሰ። እኔ ላነሣው ያልቻልኩትን፣ በበትር የምትሄደዋ እሷ ታንሣው? ያን ጊዜ ነው ልቤ የራደው። እንደሚያርስ በሬ ላብ አጠመቀኝ።

ጀሪካኑን ራሴ ይዤ ደጅ ወጣሁ፤ እሱ በክንዴ ደገፈኝ። ደፋሁት። አሸዋው ወዲያው ጠጣው፣ ነጭ ምልክት ብቻ ቀረ። አለቀስኩ መሰለኝ። ዘበኛው ወደ ባሕሩ ዞሮ ቆመ፤ ሰው ሲያለቅስ አለማየት እነሱም ዘንድ ጨዋነት ነው ማለት ነው።

«ምንድን ነው የምትጠብቀው አንተ?» አልኩት፣ ነገር ለመለወጥ።

«ብረቱን ከሌባ» አለኝ፤ ጥቂት አስቦ ደግሞ፣ «ሌባውንም ከብረቱ፤ አንዳንዱ ግድግዳ ይወድቃል። አሁን ደግሞ ውሃውን ከአንቺ።»

ቀትር ላይ የልጄ ባል እየጠራኝ መጣ። ሁኔታዬን ሲያይ አመድ መሰለ። «አባባ! ምን ሆኑ? ለልጅዎ ምን ብዬ ልነግራት ነው?» ዘበኛው ነገሩን ሲነግረው ደንግጦም ሳቁን መያዝ አልቻለም፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። መኪናው እስኪጭን ድረስ በዚያች ጎጆ ቆየሁ። ሰውዬው የሩዝ ውሃና የፍየል ወተት እየሰጠ አቆየኝ። ሲሻለኝ ይዞኝ ዞሮ አባቱ ይቆምበት የነበረውን ቦታ አሳየኝ፤ ከአንዱ ምድጃ ፊት ነው፣ ጡቦቹ እስካሁን ጥላሸት አለባቸው። ጎንበስ ብሎ ከጡቦቹ ላይ አሸዋውን በእጁ ጠረገ። ነፋሱ መልሶ አለበሳቸው፤ እሱም መልሶ ጠረገ።

ስንመለስ ገና ደክሞኝ መቀመጥ ስላልቻልኩ የልጄ ባል ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ካለችው አልጋ ላይ አስተኛኝ። ሹፌሮች የሚያድሩባት ናት፤ ፍራሽ አላት፣ መጋረጃ አላት። እግሬን ዘርግቼ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ያን ሁሉ ዳገት ስንወጣ አንድም ቀን ጉልበቴን አላጠፍኩም። አንድም ቀን! ይኼን ሳስብ ብድግ ስል ራሴን ጣራው መታኝ።

«ምነው አባባ?»

«ይቺ መኪና ማዳበሪያውን ካራገፈች በኋላ የት ትሄዳለች?» አልኩት።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ነበረች። ከስቼ፣ ባዶ ጀሪካን ይዤ ሲያዩኝ ጎረቤቶች ምን ሆነ አሉ። ነገርኳት፤ ምንም አልደበቅሁም። ቧንቧው ጋ ስደርስ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ጣሳው ጋ ስደርስ ነጠላዋን ለቅቃ ባዶውን ጀሪካን ወደ ራሷ ሳበችው።

«እጠጣው ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እስከ መጨረሻው ነበር የምጠጣው። አንተ ተሸክመህ አምጥተህ?» ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ጀሪካኑን ጥለኸው ብትመጣ ነበር የምጣላህ» ብላ ሳቀች።

ማዳበሪያው ከተራገፈ በኋላ መኪናው ተሳቢውን ደብረ ታቦር አቁሞ ባለቤቴን ወንዛዬ ሊወስድ መጣ። ጎረቤቶች ሴትዮዋን ከነወንበሯ አንሥተው ሊያስገቧት ሲታገሉ የጋቢናው ከፍታ አስቸገረ። አንዱ «ቀስ በል!» ይላል፣ ሌላው «ወደ ላይ፣ ወደ ላይ!» ይላል፤ እሷ ከላይ ሆና፣ «ታቦት አደረጋችሁኝ እኮ! እልልታው የት አለ?» ትላለች። ሴቶቹ እውነትም እልል አሉ። አልጋው ላይ እግሯን ዘርግታ ተኛች፤ መጋረጃውን ራሷ ገለጠችው፣ መንገዱን ልታይ። ዓለም በርን ስናልፍ ረዳቱን አስታውሳ ብቻዋን ሳቀች። ከሐሙሲት ወዲያ ያለው ኮረኮንች ትንሽ አንገላታን፤ የልጄ ባል ግን በእርጋታ ነዳ። ወንዛዬ ገባን።

ውሃው ውስጥ ስትገባ ፊቷ ተፈታ። ዳነች ብዬ አልጽፍም፤ ጉልበቷ ዛሬም ያው ጉልበት ነው፣ ብርድ ሲመጣ ያስታውሳታል። ግን ሰነባበተችና በእግሯ ከውሃው ወደ ማረፊያችን መጣች። በየዓመቱም የልጃችን ባል ከወደብ ሲመለስ በዚያችው አልጋ ይወስዳታል።

እዚያው ሳለን አንድ ቀን፣ ፀጉሯን እየጨመቀች፣ «የዚያን ሰውዬ ስም ሳትጠይቀው መጣህ?» አለችኝ።

አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ቆጨኝ። እሷ ግን ስም ጠፋ ብላ አልተወችም። ማታ ማታ ስትጸልይ እሰማታለሁ፤ ልጆቻችንን ትጠራለች፣ የሞቱብንን ትጠራለች፣ ከዚያ እሱን፣ በስሙ ፋንታ በሥራው ጠርታ፣ ትጨምራለች። ማን አሳለፈህ ያን ቀን ብትሉኝ እኔም መልሴ የእሷው ነው፤ በጅቡቲ ባሕር ዳር አባቱ የሠራበትን የጨው ፋብሪካ ፍርስራሽ የሚጠብቀው ዘበኛ።